ደልሚናን የሚያሳይ ወንበር

ተቀብለዋታል! ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ፤ ስሟን አረጋገጡ፣ የጫማ ቁጥሯን ጠየቁ፣ አለቀ። ከስምንቱ ሴቶች አንዷ እሷ ናት። በሁለተኛው ክፍል ቅርጫት ተሸክማ ትገባለች፣ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ትቆማለች፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያያት አራት ደቂቃ ሙሉ ከዚያ አትነቃነቅም። አትዘፍንም። አንዲት ቃል አትተነፍስም። ግን መድረክ ላይ ናት፤ ያውም በእኛ ቲያትር ቤት፣ ያውም በኦፔራ!

ምሥራቹ የደልሚና ነው። ደልሚና ማለት ከወንዙ ማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የምትኖረው፣ የሰፈሩን ልጆች ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ ሾርባ እየቀዳች ያሳደገችው ናት። በከተማችን በፓርማ ወንዙን ተሻግሮ የተማረ ጎረምሳ ሁሉ «ጨርስ» ስትል ድምፅዋን ያውቃል። ቲያትር ቤቱ «ዕድሜያቸው ከሃምሳ እስከ ስልሳ አምስት የሆነ፣ ሥራ የሚያውቅ እጅ ያላቸው ሴቶች ይፈለጋሉ» ብሎ ሲለጥፍ የሄደችው ለራሷ ብላ አልነበረም፤ አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ ብቻዬን አፍራለሁ ብላ ለምናት ልትሸኛት ነው። ጓደኛዋን በትሕትና መለሷት። ደልሚናን ግን ከውጭ አገር የመጣው አዘጋጅ ባዶ ቅርጫት አስይዞ ከዚህ እዚያ ድረስ ሂጂ አላት። እሷም እንደለመደችው ቅርጫቱን ዳሌዋ ላይ አሳርፋ፣ ልጆች እንዳይጋፏት ክርኗን ወጣ አድርጋ ሄደች። በእሷ እጅ ሲገባ ባዶው ቅርጫት ከበደ አሉ። በቃ፣ እሷ ትሁን ተባለ።

ምሥራቹ የእሷ ይሁን እንጂ ጣጣው የወደቀው ባሏ ላይ ነው።

ባሏ ሌአርኮ ሃምሳ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከከተማ ወጣ ብሎ ኮረብታው ሥር ካሉት የፕሮሹቶ ቤቶች በአንዱ ይሠራል። ሥራው ማሽተት ነው። ከፈረስ አጥንት የተሳለች ቀጭን መርፌ አለችው፤ ፕሮሹቶውን፣ ማለትም በጨው ታሽቶ ዓመት ሙሉ የተሰቀለውን የአሳማ ጭን፣ አምስት ቦታ ወጋ ወጋ ያደርግና መርፌዋን አፍንጫው ሥር ያሳልፋታል። ይህን ሲያደርግ ዓይኑን ይጨፍናል። ዓይን ያታልላል ባይ ነው። ያማረ ቀይ ሥጋ አይቶ ልቡ የሸፈተ ሰው አጥንቱ ሥር ያለውን ጉድ አይደርስበትም ይላል።

ኦፔራም ላይ ያው ነው። ሌአርኮ ሃያ ስድስት ዓመት የተቀመጠው ከጣራው ሥር ካለው የመጨረሻው ሰገነት፣ በመጨረሻው ረድፍ፣ ከወፍራም ምሰሶ ጀርባ ባለች ወንበር ላይ ነው። ከቲያትር ቤቱ ወንበሮች ሁሉ ርካሿ እሷ ናት፤ ምክንያቱም ከእሷ ላይ ሆኖ መድረኩን ማየት ዘበት ነው። ምሰሶው ይታያል፣ የፊተኛው ሰው ማጅራት ይታያል፣ አበቃ። ድምፁ ግን፣ እንደ ሌአርኮ አባባል፣ ከታች ተነስቶ ጣራውን ነክቶ ተጠቅልሎ የሚወርደው ልክ እሷ ላይ ነው። «ታች ወለሉ ላይ ያሉት የሚከፍሉት ለመታየት ነው» ይላል ሲጠይቁት፤ «በግድግዳው ዙሪያ ባሉት ትንንሽ ክፍሎች የተቀመጡት ለማየት። እኛ ሰገነት ላይ ያለነው ለመስማት ነው።» የሙዚቃ መሪው እጁን ሲያነሳ ሌአርኮ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ጭብጨባ ካልሆነ በቀር የሚያስገልጠው የለም። ሰው ኮቱን ሲያወልቅ ከተንኮሻኮሸ፣ ወንበር ካንቋቋ፣ ካሳለ፣ ከሁሉ ቀድሞ «እሽሽ» የሚለው እሱ ነው።

ደልሚናን ሦስት ጊዜ ይዟት ሄዷል። ሦስቴም ምሰሶ አይታ ተመለሰች።

እናም ማክሰኞ ማታ፣ ገበታው ቀርቦ ደልሚና በሥጋ መረቅ የተቀቀለ ፓስታ እየጨለፈችለት፣ ሌአርኮ በደስታ ሲፍለቀለቅ ቆየና ያሰበውን ተናገረ። እሑድ ቦታዬ ላይ ሆኜ እያንዳንዷን ድምፅ አዳምጣለሁ፣ አንዲትም አታመልጠኝም አላት። ደልሚና ጭልፋውን ድስቱ ውስጥ መለሰችው።

«ምኑን ነው የምታዳምጠው?»

«ኦፔራውን ነዋ።»

«እኔ እኮ አልዘፍንም፣ ሌአርኮ።»

«አውቃለሁ እንጂ።»

«አታውቅም። ሙዚቃ ሲጀመር ዓይንህን ትጨፍናለህ። እኔ ድምፅ የለኝም። ዓይንህን ከጨፈንክ እኔ የለሁም ማለት ነው።»

ይህን ስትል አልተቆጣችም። ድስቱን ከድና ተቀመጠች፣ መብላት ጀመረች። ሠላሳ አንድ ዓመት አብረው ሲኖሩ ብዙ ነገር ብላዋለች፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ብላው አታውቅም። ደግሞ ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ የሚባል ነገር የለም። ቅርጫቷን የሚይዙት ሁለት ሴቶች በየተራ ነው፤ የማታዎቹ ትርዒቶች ለሌላዋ ሄደው ለደልሚና የደረሳት የእሑድ ከሰዓቱ ብቻ ነበር። አንዴ። ልምምዱን ደግሞ የውጭ ሰው አያይም። ስለዚህ ሌአርኮ ከእሑድ በፊት፣ አቅሙ የሚችለውና ደልሚናን የሚያሳይ አንድ ወንበር ማግኘት አለበት።

ለምን ታች አይገዛም ትሉ ይሆናል። የታቹ ገና በመኸር አልቋል፤ ባያልቅስ፣ በዚያ ዋጋ ደልሚናን አንዴ ከሚያይ የወር አስቤዛውን ይገዛል። እና ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ የሰገነት ሰው ታች ወርዶ ከተቀመጠ በኋላ በየትኛው ፊቱ ነው ተመልሶ የሚወጣው?

የሰገነት ወንበር መምረጥ ሌአርኮ እንደመሰለው ቀላል አልነበረም። ሰገነታችን እንደ ፈረስ ኮቴ የታጠፈ ነው። መሃሉ ላይ ያሉት የፊት ወንበሮች ሁሉን ያሳያሉ፣ እነሱን ግን የዓመት ደንበኞች ይዘዋቸዋል፤ ሰው ሲሞት ለልጁ ነው የሚተላለፉት። የቀሩት በሁለቱ ክንፎች ያሉት ናቸው። ክንፍ ላይ የተቀመጠ ሰው የመድረኩን ግማሽ ብቻ ነው የሚያየው፤ ያውም የማዶውን ግማሽ። የራሱ ወገን እግሩ ሥር ተደብቆ ይቀራል። ከፊተኛው ረድፍ አገጭን መደገፊያው ብረት ላይ አድርጎ ያያሉ፣ ከሁለተኛው ቆሞ ያያሉ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ያለው ለጆሮ ነው።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ደልሚና የምትቆመው በየት በኩል ነው የሚለው ሆነ። የእኛ ቲያትር ቤት ሰዎች ከጥንት ጀምሮ ቀኝና ግራ አይሉም። «የመንገድ ወገን» እና «የግቢ ወገን» ነው የሚሉት፤ አንዱ ወገን ወደ ዋናው መንገድ፣ ሌላው ወደ ጓሮው ግቢ ስለሆነ ማንም አይሳሳትም። አዲሱ አዘጋጅ ግን ለዚህ ጊዜ የለኝም አለ። ሌአርኮ የመንገድ ነው የግቢ ብሎ ሲጠይቃት ደልሚና እኔ ምን አውቄ አለች። ሲመርጧት ቀኝ ነው የተባለችው። ጉድጓዱ በቀኝ፣ እሷም ጉድጓዱ አጠገብ። ሌአርኮ ደስ አለው። ቀኝ ማለት የመንገድ ወገን ነው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ከሰገነት ሆኖ መንገዱ በቀኙ ነው የነበረው። ቀኙን ለማየት ደግሞ የግራው ክንፍ ላይ መቀመጥ። ስሌቱ አለቀ።

ሌአርኮ ግን ሳይሞክር አያምንም፤ አምስት ቦታ ሳይወጋ አንድም ጭን አሳልፎ አያውቅ። ረቡዕ ቀን ፈቃድ ወስዶ የአክስቱን ልጅ ፕሪሞን ፍለጋ ሄደ። ፕሪሞ መድረኩን የሚወለውለው ሰው ነው። ነገሩን ሲሰማ ከሳቁ የተነሳ መወልወያውን ተደግፎ ቆመ፤ ቢሆንም ሩብ ሰዓት ፈቀደለት። ሌአርኮ ወደ ሰገነቱ ወጣ፣ ፕሪሞ ቀዩን ባልዲ ይዞ መድረኩ መሃል ቆመ።

«ሚስትህን የት ላስቀምጥልህ?» አለ ፕሪሞ ከታች።

«በቀኝ።»

ፕሪሞ ወደ ቀኙ ሄደና ባልዲውን አስቀመጠው።

«እዚያ አይደለም። ቀኝ ነው ያልኩህ።»

«ይኸው ቀኝ አይደል እንዴ?» ፕሪሞ መወልወያውን የያዘበትን እጁን አነሳ። «በዚህ እጄ ነው የምበላው።»

«ኧረ ቀኝ፣ ፕሪሞ። ወዲህ። የመንገድ ወገን።»

ፕሪሞ ባልዲውን አንስቶ እያጉረመረመ መድረኩን አቋረጠና ማዶ አስቀመጠው። ሚስትህ ከባድ ናት፣ ውሃዋን ባልደፋት ጥሩ ነው ብሎ ተረበ። ሌአርኮ አልሰማውም። ከግራው ክንፍ ወንበር ወደ ወንበር እየተዘዋወረ፣ እየተቀመጠ፣ እየተነሳ፣ አገጩን ብረቱ ላይ እያሳረፈ ነበር። አሥራ ሁለት ላይ ሲቀመጥ የመጋረጃው እጥፋት የባልዲውን ግማሽ ጋረደበት። አሥራ ሦስት ላይ የተጋረደው እጀታው ብቻ ነበር። አሥራ አራት ላይ ባልዲው ከነእጀታው፣ ከነመሬቱ፣ ወለል ብሎ ታየው። ሌአርኮ አሥራ አራት ላይ ተቀምጦ ዓይኑን ሳይጨፍን ባዶ መድረክ ላይ ያለ ባልዲ ለረጅም ጊዜ አየ። ኦፔራ ማየት እንዲህ ከሆነ ምንም አይከብድም ብሎ አሰበ። ዋጋውም ከምሰሶዋ ወንበር የሚበልጠው በሁለት ሲኒ ቡና ነው።

የቀረው ወረፋው ነው። የሰገነት ትኬት የሚሸጠው ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ዝርዝሩ ግን ሐሙስ ይከፈታል። ዝርዝሩን የሚይዙት አዛውንቱ ኤርሜስ ናቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ጡረታ የወጡ ፀጉር አስተካካይ ናቸው፣ ማንም ሳይሾማቸው የትምህርት ቤት ደብተር ይዘው የሰገነቱን ወረፋ ይመራሉ፤ ማንም ደግሞ ደፍሮ አይሽራቸውም። በቀን ሦስት ጊዜ ቲያትር ቤቱ ደረጃ ላይ ቆመው ስም ይጠራሉ። «አለሁ» ያላለ ይሰረዛል። ዝናብ ነበር፣ ሐኪም ቤት ነበርኩ፣ ቀብር ነበረብኝ ብሎ ነገር የለም። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድማቸውን ሰርዘዋል፤ ወንድምየው አጠገባቸው ቆሞ ሳንድዊች እየበላ አፉ ሞልቶበት ነበር።

ሌአርኮ ወትሮ ዝርዝሩ ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የምሰሶዋን ወንበር የሚሻማ ስለሌለ ቅዳሜ ዘግይቶ መጥቶ ይገዛት ነበር። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ ሲያገኙት የሰገነት ሰዎች ተጫወቱበት። ምሰሶህ ታመመ እንዴ አለው አንዱ። ሌላው ደግሞ የዓይኑን ሞራ አስገፍፎ መዳኑ ነው አለ። ሌአርኮ ለሁሉም አንድ መልስ ነበረው፤ ሚስቴ መድረክ ላይ ናት። ሐሙስ ሦስቴ፣ ዓርብ ሦስቴ «አለሁ» አለ። በመሃል የፕሮሹቶ ቤቱ አለቃ ስልክ ደወለ፤ ሌአርኮ ጭኖቹ ዓመት የቆዩ ሁለት ቀን ቢጨመርላቸው አይከፋቸውም አለው።

ዓርብ ማታ ስም ተጠርቶ ሰው ሲበተን ኤርሜስ በእርሳሳቸው ወደ እሱ ጠቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ የቱን ልትገዛ ነው?»

«የግራ ክንፍ፣ አንደኛ ረድፍ፣ አሥራ አራት። ደልሚና በቀኝ ነው የምትቆመው፣ ጋሼ ኤርሜስ።»

«የማን ቀኝ?»

«እንዴት የማን? ቀኝ ቀኝ ነው።»

ኤርሜስ ደብተራቸውን ዘጉ። «አርባ ሦስት ዓመት መስታወት ፊት ቆሜ ፀጉር ቆርጫለሁ። ሰው በቀኝ አሳጥርልኝ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው የማን ቀኝ ብዬ ነው። ሂድና ሚስትህን ጠይቃት።»

ሌአርኮ በባልዲ አስሞክሬዋለሁ አላቸው። በባልዲ ካስሞከርክ እኔ ምን አገባኝ አሉና ሄዱ። እሱም ቤት ገብቶ አልጠየቃትም፤ ደልሚና ፀጉሯን በመጠቅለያ ጠቅልላ ቅርጫቷን ዳሌዋ ላይ አድርጋ ከመስኮቱ እስከ ምድጃው እየተመላለሰች ነበር፣ ልቧን ማባከን አልፈለገም። ቅዳሜ ጠዋት አሥራ አራትን ገዛ። ትኬቷን ኪሱ ውስጥ አስገብቶ በየመቶ እርምጃው እየዳበሳት ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እሑድ ከሰዓት መጣ። ሌአርኮ ፂሙን ተላጭቶ፣ የሠርጉን ሸሚዝ ለብሶ፣ አሥራ አራት ላይ ተሰየመ። የመጀመሪያው ክፍል ስቃይ ነበር። ዓይኑን ገልጦ ሲያዳምጥ ድምፁ አንድ ቦታ መርጋት አቃተው፤ ይህችን ቀሚስ ያያል፣ ያንን ጺም ያያል፣ የመለከት ነፊውን መላጣ ያያል፣ ሙዚቃው በጎን ያመልጠዋል። ሰዎች እንዲህ እየሆኑ ነው ገንዘብ የሚከፍሉት ብሎ ተገረመ። ቢሆንም አልጨፈነም። ሊለማመድ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ተከፈተ። የመንደር አደባባይ ነው፣ የገበያ ቀን። ስምንቱ ሴቶች ከጀርባ ገቡ፣ የእንጨት ጫማቸው ቀጭ ቀጭ ይላል። ሌአርኮ ብረቱን ጨበጠ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ቆጠረ። ሴቶቹ ተበተኑ። በመንገድ ወገን፣ ልክ የፕሪሞ ባልዲ በነበረበት ቦታ፣ የሽንኩርት ጋሪ ቆሟል። ጉድጓድ የለም። ሰባት ሴቶች ቆጠረ። እንደገና ቆጠረ። ሰባት ናቸው።

ወዲያው ዘፋኙ ጀመረ። ኦፔራው ውስጥ ወደ ሞቱ የሚሄደው ወጣት ወታደር ነው፤ ጉድጓዱን ተደግፎ የሚዘፍናትን ዘፈን ሌአርኮ ከልጅነቱ ጀምሮ በልቡ ያውቃታል። ሦስት አንጓ አላት፤ በሦስተኛው መጨረሻ ላይ ከፍ ብላ የምትወጣዋ ድምፅ ናት ሰገነቱን ሁሉ ያመጣችው። ሌአርኮ ዘፋኙን አያየውም። ጆሮው ግን አይሳሳትም፤ ድምፁ የሚመጣው ከጫማው ሥር ነው። ዘፋኙ እግሩ ሥር ከሆነ ጉድጓዱም እግሩ ሥር ነው። ጉድጓዱ እግሩ ሥር ከሆነ ደልሚናም እዚያው ናት። ፕሪሞ ባልዲውን መጀመሪያ ያስቀመጠበት ቦታ ላይ፣ በፕሪሞ ቀኝ፣ በደልሚና ቀኝ፣ ወደ ሕዝቡ ፊቱን አዙሮ በቆመ ፍጡር ሁሉ ቀኝ።

ሌአርኮ ብድግ አለ። ብረቱን ተሻግሮ እስከ ወገቡ ወደ ታች ተንጠለጠለ። የቅርጫት ጠርዝ የመሰለ ነገር ታየው፣ ጠፋበት። ከኋላው «እሽሽ» ተባለ። ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ላይ ያወረደው «እሽሽ» በአንድ ጊዜ ከአሥር አፍ ወረደበት። አንዱ ቀበቶውን ይዞ ወደ ኋላ ጎተተው። እንደምንም ቀና ሲል ፊት ለፊት፣ በማዶው ክንፍ አንደኛ ረድፍ ላይ፣ ኤርሜስን አያቸው። ሽማግሌው ወደ ታች አዩ፣ ወደ እሱ አዩ፣ ከዚያ ሁለት ጣታቸውን አንስተው ና አሉት።

የመጀመሪያው አንጓ አልቋል። ሌአርኮ ጫማውን አወለቀ፤ ምንም ቢሆን ሙዚቃ መሃል በተረከዝ የሚሮጥ ሰው አይደለም። ጫማውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በካልሲው ከሰገነቱ ጀርባ ወዳለው ጠባብ መተላለፊያ ወጣ። መተላለፊያው የፈረስ ኮቴውን ሙሉ ይዞራል። የግራ ጉልበቱ ታማሚ ነው፤ ያም ቢሆን ሮጠ። በግድግዳው ውስጥ ሁለተኛው አንጓ ይሰማዋል፤ ዘፋኙ «እናቴ ደጅ ላይ» የሚለው ጋ ሲደርስ እሱ መተላለፊያው መሃል ነበር፣ ዋሽንቱ ለብቻው ሲገባ መታጠፊያውን ዞረ። ሦስተኛው ሲጀምር የማዶው ክንፍ በር ጋ ደረሰ። እዚህ ላይ እግሩ ተያዘ። ይህ በር ይንቋቋል። ዘፈን መሃል ይህን በር የከፈተ ሰው ፓርማ ውስጥ ፀጉሩን የሚቆርጥለት አያገኝም ይባል ነበር፤ ይህን ይሉ የነበሩትም ኤርሜስ ናቸው።

በሩ ከውስጥ ተከፈተ። ቀስ ብሎ፣ ተነስቶ ተይዞ፣ ያለ ድምፅ። ኤርሜስ ወንበራቸውን ትተው መጥተው ማጠፊያውን በትከሻቸው ወደ ላይ ደግፈው ይዘውታል። በአገጫቸው ወደ ብረቱ አመለከቱት።

ሌአርኮ ብረቱ ጋ ደረሰና አያት።

ጉድጓዱ አጠገብ ቆማለች። ቡናማ ቀሚስ፣ ነጭ ሽርጥ፣ ሻሽ። ቅርጫቷ ዳሌዋ ላይ ነው። ሌሎቹ ሴቶች እንደታዘዙት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው በሐዘን አንገታቸውን ሰብረዋል፤ እሷ አልሰበረችም። ጉድጓዱን ተደግፎ ስለ ሞቱ የሚዘፍነውን ያንን ቁመናው ያማረ ወጣት፣ ሾርባውን ሳይጨርስ ሊነሳ ያሰበ ልጅ በሚታይበት ዓይን ታየዋለች። ልቅሶ አይደለም፣ ርኅራኄም ብቻ አይደለም። አንተ ልጅ፣ የት ልትሄድ ነው የሚል ነገር ነው። ሌአርኮ ይህን ፊት ያውቀዋል። በየቀኑ ገበታው ላይ ያየዋል፤ ከዚህ ርቀት፣ በዚህ ብርሃን፣ ሌላ ሰው ላይ ሲያርፍ ግን አይቶት አያውቅም። ቆንጆ ነች ብሎ አሰበ። ቀጥሎ ደግሞ ይህን ሁሉ ዓመት ምሰሶ ነበር የማየው ብሎ አሰበ። ከዚያ በኋላ ምንም አላሰበም፤ አየ ብቻ። ሰገነቱ በጭብጨባ ሲናድ ደንግጦ ዘወር አለ።

ትርዒቱ አልቆ፣ ገና ሳይመሽ፣ በተዋንያኑ በር በኩል ሊጠብቃት ሄደ። ደልሚና ፊቷን በችኮላ ታጥባ፣ አንገቷ ላይ የቀረ ቀለም ይዛ ወጣች።

«እህ?» አለች።

«የሽርጥሽ ማሰሪያ ተፈትቶ ነበር።»

ደልሚና ባለችበት ቆመች።

«እንዳይወድቅ በክርንሽ ይዘሽው ነበር» አለ ሌአርኮ። «በግራው። በአንቺ ግራ ማለቴ ነው።»

«ማንም አላየም እኮ። አልባሽዋ እንኳን አላየችም።»

«ያንን ሰውዬ ደግሞ ልትቆጪው ነበር የቃጣሽ።»

«የት እንደሚሄድ አያውቅማ» አለች ደልሚና። ከዚያ ሳቀች፣ ከሳቋ መሃል ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

እንዲህ እያሉ የሰገነት ሰዎች ከላይ ወርደው እየተጨቃጨቁ አለፉ። ያቺ ከፍ ያለችው ድምፅ ናት ያጣላቻቸው፤ ግማሹ ሞልቷታል ይላል፣ ግማሹ ጫፏን ቆርጧታል ይላል። ሌአርኮን ሲያዩት ከበቡት፤ ከእሱ ጆሮ የሚያመልጥ የለም። እስቲ አንተ ፍረድ አሉት፤ ሞልቷታል ወይስ ቆርጧታል?

«የቷን?» አለ ሌአርኮ።

ከሰገነቱ ሰዎች አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። ኤርሜስ ብቻ ሳቃቸውን በመሐረብ ይዘው ወደ ሌላ አዩ። ደልሚና ባሏን አየችው፣ ደህና አድርጋ አየችው፤ ከዚያ ቅርጫት ይዞ የዋለ ክንዷን በክንዱ ውስጥ አስገባች፣ ሰዎቹን እዚያው ትተዋቸው በድልድዩ በኩል ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ይህን ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ከራሷ ከደልሚና አፍ ሰምቼ፣ ዳቦዬን እንኳ ሳላስቆርጥ መጥቼ ጻፍኩት። ሌአርኮ ያቺን ከፍ ያለችዋን ድምፅ አልሰማትም! እህቴ ኢልዴ ገበያው ውስጥ አይብ እየሸጠች እስካሁን አልሰማች ይሆናል፤ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ልሩጥ፣ ካፖርቴ የት ነው ያለው…